13 ሰዓት ያልኳት መንገድ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስትመጣ አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ ልትወርድ ነበር። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አጠገቧ የተቀመጠውን ወጣት ሻንጣዋን አስወርዳ፣ ቆሎዋን ታቅፋ መተላለፊያው ላይ ቆመች። "ደረስን አይደል ልጄ?" አለችው። "ገና ነው እማማ፣ ይቀመጡ፤ ነዳጅ ሊሞላ ነው" አላት። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ባይኗ አልዞረም። ዳለስ፣ የዋሽንግተኑ ኤርፖርት፣ ስቀበላት "ተበላሽቶ እየደበቁን መስሎኝ ነበር" አለችኝ። እጇ በረዶ ሆኗል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የሁለቱን ኤርፖርቶች ርቀት ስልኬ ላይ ፈልጌ፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 13 ሰዓት በረራ የሚል አገኘሁ። "አንድ እንቅልፍ ነው" ብዬ ነገርኳት። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን ከዳለስ ወደ ቦሌ ሲኬድ ነው። ከቦሌ ሲመጣ ማረፊያው ተጨምሮ 16 እና 17 ሰዓት ይፈጃል።

መንገዱ ያው ሆኖ ሰዓቱ ለምን ይለያያል? ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ክንፉ የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ሞልቶ፣ በሰውና በሻንጣ ጢም ብሎ መነሣት ይከብዳል። ላይ ሲወጣ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ፊት ለፊት ይጠብቀዋል። ሮም፣ ደብሊንና የቶጎዋ ሎሜ በየጊዜው የነዳጅ ማረፊያ የሆኑት ለዚህ ነው። ዳለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል። አንዴ ከተነሣ ቦሌ ላይ ቁጭ ነው።

የሰዓት አቆጣጠሩም ሌላ ጣጣ ነው። ቲኬቱ 22:30 ይላል፤ ለእናቴ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ነው። በማግስቱ ጠዋት ትደርሻለሽ ስትባል አንድ ሌሊት ብቻ ይመስላታል። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ መሆኗን ማን ነገራት?

እባካችሁ፣ የጉዞ መረጃ ስታወጡ ርቀትና የበረራ ሰዓት ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። መሄጃውንና መመለሻውን ለየብቻ አውጡልን። የት እንደሚያርፍ፣ ምን ያህል እንደሚቆም፣ ተሳፋሪው ይውረድ ወይስ ይቀመጥ፣ ይህንን ጨምሩ። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር አድርጉት። በዚህ መስመር ልጃቸውን ሊያርሱ ለብቻቸው የሚመጡ፣ አውሮፕላን ረግጠው የማያውቁ እናቶች አሉ። ለእነሱ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ምንም አይነግራቸውም።

ዘንድሮ የጎረቤቴ እናት ሊመጡ ሲሉ በትልልቅ ፊደል ጽፌ በቫይበር ላክሁ። የሰፈር ልጅ ወረቀት ላይ ገለበጠላቸው። "መጀመሪያ ሲያርፍ አይነሡ። ነዳጅ ሊቀዳ ነው። የእርስዎ ሁለተኛው ነው።" ፓስፖርታቸው ውስጥ አጥፈው ይዘውት መጡ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ