የላንድማርክ ሞል ታሪክ አብሮ አይፍረስ

ለአዘጋጁ፦

በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የነበረው ላንድማርክ ሞል ፈርሶ በቦታው ሆስፒታልና መኖሪያ ቤቶች እየተሠሩ ነው። ግንባታውን እደግፋለሁ። ታሪኩ ግን ከፍርስራሹ ጋር መጠረግ የለበትም።

ሞሉ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲከፈት ጣሪያ አልነበረውም። ሲርስን፣ ሄክትስንና ውድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕን የመሳሰሉ ትልልቅ መደብሮችን ግን በአንድ ግቢ ይዞ ነበር። ጣሪያ የለበሰው በ1990 አካባቢ ነው። እድሳቱም አላዳነውም፤ ገበያተኛው በአቅራቢያው ወዳሉት የታይሰንስና የፔንታገን ሲቲ የገበያ ማዕከላት ሄደ። በ2017 ሞሉ ተዘጋ። ይህን ማወቅ ለአዲሱ ሰፈር ይጠቅማል፤ ሱቅ ብቻ ያለው ቦታ ሱቁ ሲከስር ባዶውን ይቀራል።

ለእኔ ትልቁ ምዕራፍ ከተዘጋ በኋላ ያለው ነው። በሞሉ ውስጥ ባዶ የቀረው የሜሲስ መደብር ከ2018 ጀምሮ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ጊዜያዊ መጠለያ ሆኖ አገልግሏል። ስንቱ ባዶ ሕንፃ ተቆልፎ ሲበሰብስ ይሄኛው ሰው አስጠልሏል። ይህ ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር በአዲሱ አደባባይ የሞሉን ታሪክ በፎቶ የሚያሳይ ሰሌዳ ያቁም። አካባቢው የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ስለሆነ ጽሑፉ በአማርኛም ይሁን።

አንድ አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ