መስመሩ ያልገባበት ሲሙሌሽን ሞተር ሁሌም ይነሳል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ለገጠር ወፍጮና ለመስኖ ፓምፕ በሚቀርቡ የጥናት ሰነዶች ላይ አሁን አሁን የሲሙሌሽን (ሥራውን በኮምፒውተር አስመስሎ የማየት) ግራፍ አይጠፋም። ግራፉ ላይ ሞተሩ ይነሳል፣ ፍጥነቱ ይረጋጋል፣ ሰነዱም ይፈረማል። ቦታው ላይ ሲተከል ግን ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ይህ የሶፍትዌሩ ጥፋት አይደለም። ሞዴሉ ውስጥ የገባው ሞተሩ ብቻ ነው፤ እስከ ሞተሩ የሚመጣውን ገመድ ያስታወሰው የለም።

ብዙ ተማሪ የሚያውቀውን የሲሙሊንክ (የሲሙሌሽን ሶፍትዌር) ዝግጁ ሞተር እንውሰድ፦ 4 ኪሎዋት፣ 400 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 1430 ዙር በደቂቃ። የስታተሩ (የማይዞረው ክፍል) ሬዚስታንስ 1.405 ኦህም፣ የሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) 1.395 ኦህም፣ የእያንዳንዳቸው ሊኬጅ ኢንዳክታንስ (ወደ ሌላው ክፍል ከማይሻገረው ማግኔታዊ ፍሰት የሚመጣው) 5.839 ሚሊሄንሪ፣ የጋራው 172.2 ሚሊሄንሪ ነው። ከምንጩ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ሲነሳ 51 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሲሠራ 8 ገደማ ነው። የመነሻ ቶርኩ (የማዞር ኃይሉ) 65 ኒውተን ሜትር ያህል ሲሆን ሙሉ ጭነቱ የሚፈልገው 26.7 ነው። እስካሁን የሚያሳስብ ነገር የለም።

አሁን በየፌዙ 1.4 ኦህም ይጨመር። 200 ሜትር የተዘረጋ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ይህን ያህል ነው። የመነሻ ከረንቱ ወደ 42 አምፔር፣ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ ወደ 330 ይወርዳል። ቶርክ በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚቀንስ 65 የነበረው 44 ይሆናል። ይህም ያስነሳል። ችግሩ የሚመጣው «ከረንቱን እንቀንስ» ተብሎ ስታር ዴልታ (ሞተሩን በስታር አያያዝ አስነስቶ በኋላ ወደ ዴልታ የሚያዞር ማስነሻ) ሲገጠም ነው፤ በስታር የሚገኘው 19 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። እህል የሞላ ወፍጮ በዚህ አይነሳም። ቴክኒሺያኑ ከመነሳቱ በፊት በመልቲሜትር ሲለካ 400 ያነብባል፤ ከረንት በሌለበት ገመዱ ቮልቴጅ አይጥልምና ልኬቱ ምንም አይነግረውም።

የጭነቱም አሳሳል እንዲሁ ያታልላል። ቋሚ ቶርክ ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ ከተሰጠና ሞተሩ ከተሸነፈ፣ ሲሙሌሽኑ ውስጥ ሮተሩ ወደ ኋላ ይሽከረከራል። ወደ ኋላ የሚፈጭ ወፍጮ ያየ ካለ ይንገረን። ለሴንትሪፉጋል ፓምፕ ቶርኩ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ይያያዝ፤ ለዚህ ሞተር ማባዣው 0.00119 ነው፣ ፍጥነቱ በራዲያን በሰከንድ ሲሆን። ባዶውን ተነስቶ በኋላ እህል ለሚለቀቅበት ወፍጮ ቶርኩ ሞተሩ ሙሉ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ይግባ። ኢነርሺያውም (የፍጥነት ለውጥን የመቋቋም ባሕርዩ) የሞተሩ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ድንጋዩ በቀበቶ በሲሶ ፍጥነት የሚዞር ከሆነ የድንጋዩ ኢነርሺያ ለ9 ተካፍሎ ይደመር። ይህ ከተረሳ መነሻው በሰከንድ ክፋይ ያልቃል፣ ብሬከሩ ለምን እንደሚወርድም አይታወቅም።

ሌሎቹ ስህተቶች ቀላል ናቸው፤ ግን ይደጋገማሉ። ሶፍትዌሩ የሚጠይቀው የፖል (የማግኔት ዋልታ) ጥንድ ነው፦ ባለ 4 ፖል ሞተር 2 ይጻፍለታል፣ 4 ከተጻፈ ፍጥነቱ ወደ 750 ይጠጋል። የመነሻ ስሊፕ (ሮተሩ ከማግኔታዊ መስኩ ፍጥነት የሚዘገይበት ድርሻ) 1 ይሁን፤ 0 ከሆነ ሞተሩ እየዞረ ስለሚጀምር የመነሻ ከረንቱ ጨርሶ አይታይም።

ዝግጁውን ሞተር ትቶ የራሱን ማስገባት የሚፈልግ በሁለት ተርሚናል መካከል የለካውን ሬዚስታንስ ለሁለት ያካፍል፤ ውስጡ ስታርም ሆነ ዴልታ ለስታር አቻው ያው ነው። ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ የመዳቡ ሬዚስታንስ ወደ 24 በመቶ እንደሚጨምር ይያዝ። የቀረው ያለ ጭነት ከሚደረግ ሙከራና ሮተሩ ተይዞ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ከሚደረግ ሙከራ ይወጣል። በተለይ ዳግም የተጠቀለለ ሞተር ከሆነ ፕሌቱን (የሞተሩን መለያ ሰሌዳ) ማመን አይገባም፤ የጥቅልሉ ቁጥር ወይም የሽቦው ውፍረት ከተቀየረ የተጻፈው ከረንት የሌላ ሞተር ነው። እነዚህ ሁሉ ተሟልተውም ቢሆን ሞዴሉ የሮተሩን ሬዚስታንስ ቋሚ አድርጎ ስለሚይዝ፣ ጥልቅ ባር (ወደ ውስጥ የጠለቀ የሮተር ኮንዳክተር) ያለው ሮተር ሲነሳ የሚሰጠውን ትክክለኛ ቶርክ አያሳይም።

ሰነድ የሚፈርም መሐንዲስ ግራፉን ከማየቱ በፊት ይጠይቅ፦ ከትራንስፎርመሩ እስከ ሞተሩ ስንት ሜትር ነው፣ በስንት ካሬ ገመድ? መልሱ ሞዴሉ ውስጥ በኦህም ካልተገኘ ሰነዱ ለአዘጋጁ ይመለስ።

የኤሌክትሪክ ማሽኖች መምህር፣ ከአዲስ አበባ