ስኳር ላይ ስድስት፣ መብራት ላይ አንድ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

የግቢያችንን የመብራት ሂሳብ የማካፍለው እኔ ነኝ። ጉለሌ፣ የቀበሌ ቤት፣ ስድስት አባወራ፣ አንድ ቆጣሪ። ደብተር መያዝ ትወዳለች ብለው ሰጡኝ። ባልወድ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ወር 246 ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጠረ። ለስድስት ሲካፈል 41 ነው። በ2011 ዓ.ም. ታሪፍ ሲጨምር እስከ 50 የሚጠቀም ቤት በ27 ሳንቲሙ እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። ደሃው እንዳይጎዳ፣ ብዙ የሚፈጀው ደግሞ እንዲቆጥብ። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን ታሪፉ የሚቆጥረው ቆጣሪ እንጂ ሰው አይደለም። ስድስታችን ተደምረን ከ200 በላይ ከሚፈጁት ጋር ተመደብን። በ2017 የተጀመረው የየሦስት ወሩ ጭማሪም እዚያው እርከን ላይ ሆነን ነው ያገኘን።

የምናካፍለው በዕቃ ነው፤ አምፖል ይህን ያህል፣ ፍሪጅ ይህን ያህል። አንዲት ጎረቤታችን፣ እማማ እንላቸዋለን፣ ያለቻቸው አንዲት አምፖል ናት። ሬዲዮናቸውም በባትሪ ድንጋይ ነው። ድርሻቸው ትንሽ ነው፤ ዋጋው ግን የትልቅ ቤት ነው። ከመቀነታቸው እየፈቱ፣ «ልጄ፣ አጥፍቼ እኮ ነው የምተኛው» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ምጣዳችንም አንድ ነው። ዓርብ ማታ በተራ እንጋግራለን፤ የመጨረሻዋ ሊጧን ታቅፋ እስከ ሌሊቱ ስድስት ትጠብቃለች። ቆጥቡ የሚለውን ማስታወቂያ እዚያው ወረፋ ላይ ሆነን ነው የምንሰማው።

በሳምንት ሦስት ቀን ቦሌ አንድ ቪላ ተመላላሽ ነኝ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ቆጣሪያቸውም ሁለት። አንዱ የዋናው ቤት፣ አንዱ የሰርቪሱ። ሰርቪሱ ውስጥ የዘበኛው አምፖል ብቻ ነው የሚበራው፤ ስለዚህ ዝቅተኛው ዋጋ ይሰላለታል። ለእማማ የታሰበው ዋጋ ማለት ነው። ሰዎቹን አልወቅስም፤ ቦይለሩን አጥፊ እያሉ የሚቆጡኝ እነሱ ናቸው።

«ለየብቻችሁ ቆጣሪ አስገቡ» የሚለን አይጠፋም። የቆጣሪው፣ የገመዱ፣ የሠራተኛው... ቁርስ እየዘለለ ኪራይ ለሚከፍል ሰው ይህ ምክር ነው?

እኔ የምለው፣ ሂሳቡ ሲሰላ መጀመሪያ ለአባወራው ቁጥር ይካፈል። 246ን ለስድስት ማካፈል እኔንም በደብተሬ አልከበደኝም። ስንት እንደሆንን ደግሞ ወረዳው ያውቃል፤ ከሸማቾች ስኳርና ዘይት ሲታደል ስድስት ኩፖን ይዘን ነው የምንሰለፈው።

አንባቢያችሁ፣ ከጉለሌ