ቀስቱን መጀመሪያ ሽጡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በወጣቶች ዐምዳችሁ ስለ ክረምት ጊዜ ማሳለፊያ የወጣው ጽሑፍ ጌም ላይ ሲደርስ፣ «የጨረሳችሁት ከሰለቻችሁ ሌላ አውርዱ፤ ካልሆነም ክብደቱን ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት» ብሎ አለፈው። ማውረዱን እንተወው። ባልዱርስ ጌት 3 ብቻውን 150 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል፤ ይህን ከጅማ ሆኖ በሞባይል ዳታ ለማውረድ የተነሣ ሰው ጌሙ ሳይወርድ ክረምቱ ያልቅበታል። መልስ የሚያሻው ሁለተኛው፣ ክብደቱን ማለትም የጨዋታውን አስቸጋሪነት ከፍ የማድረጉ ምክር ነው፤ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እሱ ላይ ነውና።

ምሳሌዬ ስካይሪም ነው፤ በሰይፍ፣ በቀስትና በአስማት እየተዋጉ ሰፊ አገር የሚዞሩበት ጌም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የመጀመሪያው እትም 6 ጊጋባይት ቦታና 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፤ ስለዚህ አሮጌ ላፕቶፕም ይሸከመዋል። በ2016 የወጣው እትም ግን 12 ጊጋባይት ቦታና 8 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል።

ክብደቱ «አዴፕት» በሚባለው መደበኛ ደረጃ ላይ ሲሆን የምትሰነዝሩትም የሚያርፍባችሁም ምት ልኩን ይዞ ይሄዳል። «ማስተር» ላይ ምታችሁ በግማሽ ይቀንሳል፣ የጠላት ምት እጥፍ ይሆናል። «ሌጀንደሪ» ላይ ምታችሁ ሩብ ይሆናል፣ የሚያርፍባችሁ ደግሞ ሦስት እጥፍ። ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም። ሽፍታው አዲስ ብልሃት አይማርም፣ ዋሻው መንገድ አይቀይርም። በአራት ምት ይወድቅ የነበረው በዐሥራ ስድስት ይወድቃል፤ ያ ሁሉ ድካም የጣት ድካም ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ክብደት ሲጨምር ተጫዋቹ ሳያስበው ወደ ቀስት ይሸሻል። ተደብቆ የተወረወረ ቀስት ምቱ ሁለት እጥፍ ነው፤ «ዴድሊ ኤም» የሚባለው ፐርክ (ችሎታ ሲያድግ የሚከፈት ተጨማሪ ብቃት) ሲጨመርበት ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ከሩቅ ስለሚወረወር የሚያያችሁ የለም፤ ቢጠረጥሩም ጥቂት ፈልገው «ነፋስ መሆን አለበት» ብለው ይመለሳሉ። በጦረኛነት የጀመረውም በአስማተኛነት የጀመረውም ዐሥረኛው ሰዓት ላይ ጨለማ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ቀስት ሲስብ የምታገኙት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ዙር የሚሰለቸው ያንኑ የድሮ ሰውዬ ሌላ ፊት አልብሰን ስለምንመልሰው ነው።

እንግዲህ ያገኛችሁትን ቀስት መጀመሪያ ያገኛችሁት ሱቅ ውስጥ ሽጡት። መደበቅ የሚወድ ሰው ጩቤ ይያዝ። ጩቤ «አሳሲንስ ብሌድ» የሚባለው ፐርክ ሲከፈት ተደብቆ ሲመታ 15 እጥፍ ይመታል፤ ነገር ግን እጅ ለእጅ መቅረብ ይጠይቃል። ጫማ ድምፅ ያወጣል፣ መብራት ያጋልጣል፣ ሰውየው ድንገት ዘወር ይላል። ዋሻው ያው ቢሆንም ጨዋታው ሌላ ይሆናል።

ቀጥሎ ወረቀት አምጡ። ስካይሪም ውስጥ ሙያ መርጦ መጀመር የለም፤ የሠራችሁበት ስኪል (ችሎታ) ነው የሚያድገው። ስኪሎቹ 18 ናቸው፤ ሁሉን የነካካ ካራክተር (የምትጫወቱት ሰው) መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ስድስት ብቻ ምረጡና የማትነኩትንም ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«መድኃኒት ቀማሚ ሴት። አልኬሚ (መድኃኒት ቅመማ)፣ ሪስቶሬሽን (የፈውስ አስማት)፣ ኢሉዥን (የማደናገሪያ አስማት)፣ ስፒች (ንግግርና ንግድ)፣ ላይት አርመር (ቀላል የጦር ልብስ)፣ ዋን-ሃንድድ (የአንድ እጅ መሣሪያ፤ ጩቤ ብቻ)። ቀስት አትነካም። ራሷ ያልቀመሰችውን አትቀምምም። ማኅበር አትገባም። 5,000 ወርቅ ስታጠራቅም ታሪኳ ያልቃል።»

«ራሷ ያልቀመሰችውን» የሚለው ቀላል ይመስላል እንጂ ከሁሉም የሚያጓጓው እሱ ነው። እያንዳንዱ ቅመም አራት ጠባይ አለው፤ ፐርክ ሳይከፈት ሲቀመስ ግን የሚገለጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው፣ የቀሩት እየተቀላቀሉ ይወጣሉ። ስንዴና ብሉ ማውንቴን ፍላወር ተቀላቅለው ጤና እንደሚመልሱ እናንተ ከመጀመሪያው ዙር ታውቃላችሁ፤ እሷ አታውቅም። ያወቃችሁትን ነገር ካራክተሩ እስኪያውቀው መጠበቅ ሁለተኛውን ዙር ከመጀመሪያው ጋር የሚያስተካክል ብቸኛ ዘዴ ነው ብዬ አምናለሁ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም አይዘለል፤ የት እንደሚያልቅ ያልተወሰነ ካራክተር ሃያኛው ሰዓት ላይ ይተዋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ስሚዚንግ (አንጥረኝነት)፣ አልኬሚ፣ ኢንቻንቲንግ (ዕቃን በአስማት ማጠናከር) እና ስፒችም የካራክተሩን ሌቨል (ደረጃ) ያሳድጋሉ፤ ጠላቶች ደግሞ በሌቨላችሁ ልክ ይጠነክራሉ። ከተማ ተቀምጦ መቶ ጠርሙስ መድኃኒት የሸጠ ሰው አልኬሚው 60 ደርሶ ጩቤው 20 ላይ ይቀርና፣ ከበር ሲወጣ የሚገጥመውን መቋቋም ያቅተዋል። «ጌሙ ተበላሸ» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። በአንድ የከተማ ጉብኝት ከ10 ጠርሙስ በላይ አትቀምሙ። ሦስቱን የእጅ ሥራዎች፣ ስሚዚንግን፣ አልኬሚንና ኢንቻንቲንግን፣ አንድ ካራክተር ላይ ማከማቸትማ ፈጽሞ አይሁን፤ መድኃኒቱ ኢንቻንቲንጉን ያጎላል፣ ኢንቻንት የተደረገው ልብስ መድኃኒቱን ያጎላል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ድራጎን በአንድ ምት የሚጥል ሰይፍ ይወጣቸዋል። የብረት ጩቤ በገፍ እየሠሩ ስሚዚንግ ማሳደግም ድሮ ቀረ፤ በኋላ የወጣው ፓች (የጌሙ ማስተካከያ) ልምዱ በዕቃው ዋጋ እንዲለካ አድርጎታል።

ማኅበራቱን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ዙር ሁላችንም የአስማት ኮሌጁ ኃላፊም፣ የሌቦቹ አለቃም፣ የጦረኞቹ መሪም ሆነናል። የሦስት መሥሪያ ቤት ማኅተም በአንድ ኪስ! ለአንድ ካራክተር አንድ ማኅበር ይበቃል። ኮምፓኒየንስ በሚባለው የጦረኞች ማኅበር ውስጥ የገባ ሰው ተኩላ መሆንን ካልተቀበለ ታሪኩ ወደፊት አይሄድም፤ ስለዚህ ሃይማኖተኛ ወይም ኩሩ ካራክተር እዚያ በር ላይ እንቢ ብሎ ቢመለስ ራሱ ታሪክ ነው። ዳርክ ብራዘርሁድን፣ የነፍሰ ገዳዮቹን ማኅበር፣ የሚጠላ ደግሞ ሊያጠፋቸው ይችላል። ጠልፈው በሚወስዷችሁ ጎጆ ውስጥ መሪያቸው አስትሪድ ከሦስቱ ታሳሪዎች አንዱን ግደል ስትል እሷኑ ከገደላችሁ፣ ድርጅቱን የማጥፋት ሥራ ይከፈታል፤ ክፍያውም 3,000 ወርቅ ነው። ብዙ ሰው ይህን በር ሳያየው ሦስት ዙር ይጨርሳል።

የመንገዱም ነገር እንደዚሁ ነው። ጌሙ ከሚጀምርበት ከሄልገን የወጣ ሁሉ ወደ ሪቨርውድ፣ ከዚያ ኋይትረን፣ ከዚያ የመጀመሪያው ድራጎን። ግን የኋይትረኑ ገዥ ወደ ግንቡ ልኮ ያንን የመጀመሪያ ድራጎን እስኪያስገጥማችሁ ድረስ፣ ድራጎኖች በየሜዳው አይወጡም። ወደ ፎልክሪዝ ከተማ ታጠፉና የገዥውን ደጅ አትርገጡ፤ ሰማዩ ጸጥ ያለበት፣ ሽፍታና ተኩላ ብቻ የሚያስፈራበት አገር ታገኛላችሁ። ከድራጎን ነፍስ በሚገኘው የጩኸት ኃይል መዋጋት አይኖርም፤ ለመድኃኒት ቀማሚ ምኗ ነው። ካርታ ላይ ተጭኖ መብረርንም ተዉት። ጋሪ ከአምስቱ ትልልቅ ከተሞች በር ይነሣል፤ ወደ ትልቅ ከተማ 20፣ ወደ ትንንሾቹ 50 ወርቅ ያስከፍላል። ያኔ የወርቅ ትርጉሙ ይመለሳል፣ ሲጀመር እስከ 300 የሚደርሰውን ሸክማችሁንም ከመነሣታችሁ በፊት ታስቡበታላችሁ።

ዘር መቀየር ብቻውን ብዙ አያመጣም፤ ኦርክ በቀን አንዴ ለ60 ሰከንድ ይቆጣል፣ የቀረውን ቀን እንደማንም ነው። ሞድ (ሌሎች ሰዎች ለጌሙ የሠሩትን ጭማሪ) የምታስገቡ ግን ከመጀመራችሁ በፊት አስገቡ። ስክሪፕቱ (የሞዱ ትእዛዝ) ሴቩ (የተቀመጠው ጨዋታ) ውስጥ ስለሚቀር መሐል ላይ የተነቀለ ሞድ ከሠላሳ ሰዓት በኋላም ጌሙን ሊጥለው ይችላል።

ባልዱርስ ጌት 3 ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ 100 ወርቅ ከፍሎ ሙያ መቀየር ስለሚቻል ለአዲስ ሙያ ብሎ ከዜሮ መጀመር ከንቱ ድካም ነው። የሚደገመው ለውሳኔው ነው፤ ጫካ ውስጥ የተጠለሉትን ማዳን ወይም ከጎብሊኖቹ ጋር መውረድ።

አሁን ወደ መብራታችን። ሴቭ እየተጻፈ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ግማሽ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ኪዊክ ሴቭ (በአንድ ቁልፍ የሚደረገው ፈጣን ሴቭ) አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለሚጽፍ የድሮውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። በየግማሽ ሰዓቱ አዲስ ሴቭ ክፈቱ፣ በአሮጌው ላይ አትጻፉ፣ የመጨረሻዎቹን አምስት አስቀሩ። የ2011ዱ እትም ላይ ደግሞ ጌሙ በራሱ የሚጽፋቸው ሦስቱ አውቶሴቮች የካራክተሮቻችሁ ሁሉ የጋራ ናቸው፤ መድኃኒት ቀማሚዋ ሦስት በር ስትከፍት የጦረኛው አውቶሴቭ ጠፋ ማለት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሻገራችሁ በፊት በእጅ ሴቭ አድርጉ። ላፕቶፕ ላይ የዚህ እትም ፋይሎች ዶክመንትስ፣ ማይ ጌምስ፣ ስካይሪም፣ ሴቭስ በሚለው ፎልደር አሉ፤ ፎልደሩን በሳምንት አንዴ ፍላሽ ላይ ገልብጡት።

የመጨረሻው ቃል ለፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቶች ነው። ሁሉም ደንበኛ በአንድ ዩዘር ስለሚጫወት የአንዱ ልጅ የሦስት ሳምንት ሴቭ በሌላው ይደመሰሳል። ፕሌይስቴሽን 4 እስከ 16 ዩዘር ይቀበላል፤ ለቋሚ ደንበኞች ለየብቻ ክፈቱላቸው። ቅጂ ለመያዝ ሴቲንግስ ውስጥ አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ ማኔጅመንት፣ ከዚያ ኮፒ ቱ ዩኤስቢ የሚለውን ነው፤ ፍላሹ በፋት32 ወይም በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ይሁን። በፕሌይስቴሽን 5 ግን የራሱ የፕሌይስቴሽን 5 ጌም ሴቭ ወደ ፍላሽ አይገለበጥም፤ ደንበኛው ይህን ከመጀመሩ በፊት ይነገረው።

አንባቢያችሁ፣
ከጅማ