ይድረስ ለመሐል ሜዳዋ ወዳጄ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ እናታችንስ እንዴት ናቸው? ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ መቅረቴን በምን እንደተረጎምሽው አላውቅም፤ ተቀይማኛለች ብለሽ ከሆነ ግን እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቅያሜ በልቤ አልነበረም። ወረቀት አውጥቼ «እኔ ደኅና ነኝ» ከሚለው ላይ ስደርስ እጄ ይቆም ነበር። ደኅና አልነበርኩም፤ ምን እንደሆንኩም አላውቅም ነበር። ትናንት ደብረ ብርሃን ገበያ ታናሽ እህትሽን አገኘኋትና በግንቦት ስትወልጂ ብዙ ደም እንደፈሰሰሽ፣ ጡትሽ እንቢ ብሎ ሕፃኑ በላም ወተት እያደገ መሆኑን ስትነግረኝ፣ ይህን ሳልጽፍልሽ ማደር አልቻልኩም።

የመጨረሻ ልጄን የወለድኩት ቤት ውስጥ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ቆየ፤ ጤና ጣቢያ ስደርስ ደሜ አልቆ ራሴን አላውቅም ነበር። ተረፍኩ፤ ነገር ግን በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን ጡቴ አላጋተም። እናቴ የአጃ አጥሚትና አብሽ ብታፈራርቅልኝ አንዲት ጠብታ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ የወር አበባዬ ተመልሶ አልመጣም፤ የብብቴም ጠጉር ሳስቶ ጠፋ። ብርዱንማ ምን ልበልሽ! መንዝ ውስጥ በረደኝ የሚልን ሰው ማን ይሰማዋል? እኔ ግን በሚያዝያ ፀሐይ ባና ደርቤ ምድጃ ሥር እንቀጠቀጥ ነበር። ምጣዱ ግሎ፣ ሊጡ ከአጠገቤ ሆኖ፣ አንሥቼ ማስፋት አቅቶኝ ተቀምጬ የማለቅስባቸው ቀናት ነበሩ። ከሁሉ የከፋው ግን ልጄ ሲስቅ እያየሁ ልቤ ዝም ማለቱ ነው። አንቺም የጠፋሽብኝ በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ደም ማነስ ነው ተባልኩ፤ ጠበልም ተጠመቅሁ። በአንድ የሕክምና ቦታ ታይሮይድ በሚባለው የአንገቴ ዕጢ ላይ ምርመራ ተደርጎልኝ «ምንም የለብሽም» ተብዬ ተመለስኩ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ስትወልጂ ደም ፈሶሽ ነበር? ጡትስ አጥብተሻል?» መልሴን ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። የፒቱታሪ ዕጢዬ መጎዳቱን ስትነግረን እናቴ «ዕጢ» የሚለውን ቃል ሰምታ እሪ አለች። በእኛ ቋንቋ በሽታ ሆኖ የሚበቅለውም፣ ፈጣሪ በሰውነታችን ያኖረውም በአንድ ስም ይጠራልና አልፈረድኩባትም።

ይህች ዕጢ የአተር ፍሬ ታክላለች፤ ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ከአንጎል በታች፣ ከአፍንጫ ሥር በስተኋላ፣ ሐኪሞች «የቱርክ ኮርቻ» በሚሉት የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ትቀመጣለች። በእርግዝና ጊዜ ወተት የሚያዘጋጀውን ፕሮላክቲን የሚሠሩት ሕዋሶቿ ስለሚበዙ ታብጣለች፤ የፊተኛው ክፍሏ ግን አብዛኛውን ደም የሚያገኘው ግፊታቸው ዝቅተኛ በሆነ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። ስለዚህ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ሲፈስ ያ ክፍል ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሺሃን ይህን በ1937 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለጻፈ ሕመሙ በስሙ ይጠራል።

የኔ መከራ ሁሉ ከዚህ የተመዘዘ ነበር። ፕሮላክቲን ሲጠፋ ወተት የለም፤ ይህች ዕጢ በደም ወደ እንቁልጢ፣ ማለት ወደ ሴት እንቁላል ማፍሪያ፣ የምትልካቸው መልእክተኞች (ሆርሞኖች) ሲቀሩ የወር አበባ ይቆማል፤ ታይሮይድን የሚቀሰቅሰው ሲደክም ሰውነት ይቀዘቅዛል። ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች የሚያዝዘው ሲጎድል ደግሞ ኮርቲዞል ይጠፋል፤ ያለ ኮርቲዞል የደም ግፊትም ስኳርም ይወርዳል፣ ሰውም ይሞታል። ያ «ምንም የለብሽም» ያሰኘው ምርመራ የለካው ከፒቱታሪ ወጥቶ ታይሮይድን የሚቀሰቅሰውን ሆርሞን፣ ቲኤስኤችን፣ ብቻ ነበር። ታይሮይድ ራሱ ሲታመም ቲኤስኤች ይጨምራል፤ የታመመችው ላኪዋ ስትሆን ግን አይጨምርምና ቁጥሩ ጤነኛ መስሎ ያታልላል። ስለዚህ የታይሮይዱ ሆርሞን አብሮ ይለካ በያቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምንሻለሁ፦ ኮርቲዞልሽ ሳይታወቅ የታይሮይድ ክኒን እንዳትጀምሪ። የታይሮይዱ ክኒን ሰውነት ያለውን ጥቂት ኮርቲዞል ቶሎ ስለሚያስጨርሰው፣ ከቀደመ ሰው ይጥላል። ለእኔ በመጀመሪያ ኮርቲዞልን የሚተካው ክኒን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ተሰጠኝ፤ በሳምንቱ ከአልጋዬ ተነሥቼ ቡና ቆላሁ። የታይሮይዱ ክኒን የተጨመረልኝ ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ክኒኔን ሳልውጥ ከቤት አልወጣም፤ ትኩሳት ሲይዘኝ መጠኑን እጥፍ አደርጋለሁ፤ ካስመለሰኝ መርፌ ለመወጋት እሮጣለሁ። የንስሐ አባቴም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾሙን ፈትተውልኛል።

ደም የፈሰሳት ሁሉ ይህ ይደርስባታል ማለቴ አይደለም፤ ወተትም በሌላ ምክንያት ይደርቃል። ሆኖም የጡትሽን ነገር ከሰማሁ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ራስሽን ካሳተሽ ወይም ካስመለሰሽ ቀን ሳትቆጥሪ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ግቢ፣ በወሊድ ደም እንደፈሰሰሽም ንገሪያቸው። ደኅና ከሆንሽ ግን እሑድ ነይ፤ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ኮርቲዞል የሚለካው በማለዳ ስለሆነ እኔ ዘንድ አድረሽ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት አብረን እንሄዳለን። ሕፃኑንም ይዘሽው ነይ፤ ለእሱ የሚሆን ወተት ከጎረቤት አስጠብቄያለሁ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ፣
ከደብረ ብርሃን