ቢላ በጨርቅ ጠቅልሎ ወገብ ላይ መሻጥ ይቅር

ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ተራራ ጉዞና ስለ ካምፕ የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ስለ ጫማው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ድንኳኑ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። አንዲት መስመር ላይ ስደርስ ግን ጋዜጣውን አስቀምጬ ብድግ አልኩ። ቢላ መያዝ እንዳትረሱ፣ ሰገባ ከሌለው በጨርቅ ጠቅልላችሁ ወገባችሁ ላይ ሻጥ አድርጉት ትላለች። ያነበባት ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደተባለው አድርጎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የማወራው ስለማይታጠፍ ቢላ ነው። ሰንጢ ቀላል ነው፣ ታጥፎ ኪስ ይገባል፣ ስለቱም እጀታው ውስጥ ይደበቃል። የማይታጠፈው ግን ስለቱ ምንጊዜም እንደወጣ ነው። እሱንና ሰውነታችንን የሚለያቸው ሰገባው ብቻ ነው። ጨርቅ ደግሞ ሰገባ አይሆንም። በደንብ የተሳለ ቢላ ጨርቅ ለመቁረጥ ጉልበት አይፈልግም፤ በተራመዳችሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየበላው ይሄዳል፣ ጎንበስ ስትሉ ወይም ቁጭ ስትሉ ደግሞ ጫፉ የሚያመራው ቀጥታ ወደ ብሽሽት ነው። እዚያ ጋ ትልቁ የእግር ደም ስር ለቆዳ ቀርቦ ያልፋል። እሱ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈስሶ ሊሞት ይችላል። ጫካ ውስጥ ሆናችሁ ሐኪም እስኪደርስ አስቡት።

ሰገባ ደግሞ ዘመናዊ ሰው ያመጣው ቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር ላይ፣ በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ፣ ኦትዚ ተብሎ የተጠራው ሰው አስከሬን ተገኝቷል። ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረ ሰው ነው። የድንጋይ ስለትና የእንጨት እጀታ ያለው ትንሽ ጩቤ ይዞ ነበር። ጩቤው ታዲያ ከዛፍ ልጥ የተጎነጎነ ሰገባ ነበረው። ያ ሰው ብረት ያልነካው የድንጋይ ስለት ይዞ እንኳ ራቁቱን ወገቡ ላይ አልሻጠውም።

የራሴን ጣት ጉዳይ ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ አሮጌ የቆዳ ሰገባ ያለው ቢላ ነበረኝ። ካምፕ ደርሰን ገመድ ልቆርጥ ነው። ሰገባውን በግራ እጄ ጭብጥ አደረግኩት፣ አራቱም ጣቶቼ ዙሪያውን ይዘውታል፣ በቀኜ እጀታውን ይዤ ሳብኩ። በስለቱ በኩል ያለው የሰገባው ስፌት ክሩ በስብሶ ኖሯል። ቢላው በአፉ በኩል ብቻ አልወጣም፣ ስፌቱን እየቀደደ በጎኑም ወጣ። መጀመሪያ ሕመም የሚባል ነገር አልተሰማኝም፣ እጄን ሞቀኝ ብቻ። ዝቅ ብዬ ሳይ መሃል ጣቴና የቀለበት ጣቴ ውስጣቸው ተከፍቷል፣ ደሙ በክርኔ በኩል ይንጠባጠባል። የመሃል ጣቴ ጫፍ እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማውም። ሸሚዝ ስቆልፍ ሁሌ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ሰገባን በጡጫ አትጨብጡ። እጃችሁ መያዝ ያለበት በደንደሱ በኩል ነው፣ ወይም ሁለቱን ጠፍጣፋ ጎኖች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት። በስለቱ በኩል ጣት አይኑር። በአንድ እጅ ስታወጡም እጀታውን ይዛችሁ አውራ ጣታችሁን የሰገባው አፍ ጠርዝ ላይ፣ በደንደሱ በኩል፣ አሳርፉና ገፋ አድርጉ። መጀመሪያ በሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል በቀስታ ይላቀቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚሳበው። በኃይል መንጨቅ የለም። በኃይል የተነጨቀ ቢላ የት እንደሚቆም እናንተም አታውቁም፣ አጠገባችሁ የቆመውም ሰው አያውቅም።

ስትመልሱት ደግሞ ዓይናችሁ ሰገባው አፍ ላይ ይሁን። እያወራችሁ አይሆንም። ብዙ ሰው ሲያወጣ ይጠነቀቅና ሲመልስ ይዘናጋል፣ ሥራው አለቀ ብሎ ስለሚያስብ። ከጨለመ ቀበቶውን ፈታችሁ ሰገባውን ፊታችሁ አምጡና ባትሪ አብርታችሁ መልሱት። ይህ ፍርሃት ከመሰላችሁ ጣቴን መጥታችሁ እዩት።

አሁን ወደ ሰገባው ራሱ። ጥሩ የቆዳ ሰገባ ስለቱ በሚያርፍበት በኩል፣ በሁለቱ ቆዳዎች መሃል፣ ሌላ ወፍራም የቆዳ ቁራጭ አብሮ ይሰፋበታል። የእሱ ሥራ ስለቱ ክሩን እንዳያገኘው መከልከል ነው። የእኔ ያ አልነበረውም። ቆዳ ድምፅ የለውም፣ ስለትም አያበላሽም፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ይለሰልሳል፣ የለሰለሰ ቆዳ ደግሞ በሹል ጫፍ በቀላሉ ይበሳል። እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይም ብረቱን ያዝገዋል። እቤት ስትገቡ ቢላውን አውጥታችሁ ለየብቻ አስቀምጧቸው። ካይዴክስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውኃ አይጠጣም፣ በሙቀት ለስልሶ በቢላው ቅርጽ ስለሚሠራ ጠቅ ብሎ ይይዛል። የእሱ ጠላት አሸዋና እሳት ነው። አሸዋ ውስጡ ከገባ ስለቱን ይፍቀዋል፣ እሳት አጠገብ ከተረሳ ደግሞ ለስልሶ ቅርጹ ይጠፋል፣ ያኔ መያዙንም ያቆማል።

ከመውጣቴ በፊት የማደርጋት አንድ ነገር አለች። ቢላውን ከነሰገባው ሣር ላይ ዘቅዝቄ አራግፈዋለሁ። ከወደቀ አብሮኝ አይሄድም፣ አለቀ። ከዚያ ቢላውን አውጥቼ ባዶውን ሰገባ ወደ ብርሃን አቀርበዋለሁ፣ የታችኛው ጫፉንና ስፌቱን አያለሁ። ባለፈው ዓመት የአንድ ጓደኛዬን ሰገባ እንዲህ አድርጌ ሳየው ጫፉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ብርሃን አየሁ። ውኃ እንዲወጣ ተብሎ የተሠራ ቀዳዳ መሰለኝ። አልነበረም። ቢላው ራሱ ነው የበሳው፣ ከውጭ በጣቴ ስዳስሰው ጠርዙ ተበጣጥሷል። ያንን ለሦስት ዓመት ጭኑ ላይ አንጠልጥሎ ተራራ ሲወጣ ሲወርድ ነበር።

ታዲያ የት እንያዘው? እኔ ለራሴ አንዲት ጥያቄ አለችኝ፣ እዚህ ቦታ ይዤው ብወድቅ ጫፉ የት ይገባል? ሰው ሜዳ ላይ ይወድቃል። እርጥብ ድንጋይ ላይ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ሥር ጠልፎት በፊቱ ይደፋል፣ ቁልቁለት ላይ በጎኑ ይንሸራተታል። የመያዣ ቦታ ሲመረጥ እየተራመዱ ሳይሆን እየወደቁ ማሰብ ነው።

ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው ቀበቶ ላይ፣ በሚሠራበት እጅ በኩል፣ ከዳሌ አጥንት ትንሽ ወደ ኋላ ሆኖ ጫፉ ወደ ታች ሲሆን ነው። እጅ በተፈጥሮው እዚያ ይደርሳል፣ ጫፉም ከብሽሽት ይርቃል። ወደ ፊት እየመጣ ጭን መሃል ላይ ከሆነ ግን ቁጭ ስትሉ ሰገባው ወደ ላይ ይገፋና እጀታው ጎድን ይወጋል፣ ጫፉም ጭን ላይ ይጫናል። ለዚህ መፍትሔው ከቀበቶው ዝቅ ብሎ በማንጠልጠያ የሚወዛወዘው ዓይነት ነው። ስትቀመጡ ራሱ ዞር ይላል። ፊንላንዶች ፑኮ የሚሉት ቢላቸው እንዲህ የሚንጠለጠል ነው፣ ሰገባው ጥልቅ ስለሆነ ከእጀታውም ብዙውን ክፍል ይውጠዋል፣ ያለ ማሰሪያ የሚይዘውም ለዚህ ነው። ጣጣው ስትሮጡ ጭናችሁን ይመታችኋል፣ ቁጥቋጦም ይይዘዋል።

ትልቅ የጀርባ ቦርሳ የምትይዙ ሰዎች ሌላ ችግር አለባችሁ። የቦርሳው የወገብ ማሰሪያ ልክ ቢላው ላይ ያርፋል። ቀኑን ሙሉ እጀታውን ሲጫነው ወይ ወገባችሁ ይላጣል፣ ወይ ማሰሪያው የሰገባውን ቁልፍ ይከፍተዋል። ቢላውን ማሰሪያው ላይ ማድረግ ይቻላል፣ ያኔ ግን ቦርሳውን ባወረዳችሁ ቁጥር ቢላውም አብሮ እንደሚሄድ እወቁ።

ወገብ ጀርባ ላይ አግድም መያዝ በፎቶ ያምራል። እኔ አልመክርም። እርጥብ ድንጋይ ላይ በጀርባ መውደቅ ያለ ነገር ነው፣ ያኔ ጠንካራ እጀታና ፕላስቲክ በአከርካሪና በድንጋይ መሃል ይገባል። ስትመልሱትም አታዩትም። በፊት በኩል፣ በሌላኛው እጅ አቅጣጫ አግድም መያዝ ይሻላል፣ ቁጭ ብሎ ለሚሠራ ሰው ይመቻል። ነገር ግን ሲወጣ ስለቱ በሰውነት ፊት አቋርጦ ነው የሚያልፈው፣ አጠገባችሁ ሰው ካለ ተነሱና ራቅ በሉ።

አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ለትንሽና ቀላል ቢላ ብቻ ነው። ገመዱ ሲጎተት የሚበጠስ ወይም የሚላቀቅ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ጠንካራ ነው ብሎ ፓራኮርድ የሚባለውን የፓራሹት ገመድ ያስርበታል። 550 የሚባለው ፓራኮርድ ስሙን ያገኘው 550 ፓውንድ ስለሚችል ነው፣ ወደ 250 ኪሎ ማለት ነው። ስትንሸራተቱ ቅርንጫፍ ቢይዘው ገመዱ አይበጠስም፣ የሚታነቀው አንገታችሁ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የቦርሳው የትከሻ ማንገቻ ላይ ተዘቅዝቆ፣ እጀታው ወደ ታች ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ የሚታሰረው ነው። አሁን አሁን በየፎቶው አየዋለሁ። በፊታችሁ ተደፍታችሁ ብትወድቁ ጫፉ የሚያየው አገጭና አንገት ነው። ቁልፉ ቢላላ ደግሞ የራሱ ክብደት ይጎትተውና ወደ እግር ይወርዳል፣ ወይ እናንተ ሳታውቁ መንገድ ላይ ወድቆ ከኋላ የሚመጣ ልጅ ያገኘዋል።

እየሄዳችሁ የማትጠቀሙበት ከሆነማ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። በእውነት ለጀማሪ እኔ የምለው ይህን ነው። የሰገባው ማሰሪያ ተቆልፎ፣ ጫፉ ወደ ታች፣ ልብስ መሃል ይሁን እንጂ ከጀርባችሁ ጋር አይገናኝ። ሁልጊዜም አንድ ቦታ ይሁን፣ በጨለማ ባትሪ የሚፈልግ እጅ በድንገት እንዳያገኘው። ሰገባ ጠፍቶባችሁ ከሆነም ወፍራም ካርቶን ደጋግማችሁ አጥፋችሁ፣ ጫፉንም አልፎ እንዲሸፍን አድርጋችሁ በፕላስተር እሰሩት። ይህ እቤት እስኪደርስ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ቀበቶ ላይ አይደለም።

ጀልባ ላይ የምትወጡ ላይፍ ጃኬታችሁ ላይ አድርጉት፣ ቀበቶ ከውኃ ልብስ ሥር ስለሚደበቅ። ለዚያ ጫፉ ደልዳላ የሆነ ቢላ አለ፣ ሹሉን ተዉት፣ የሚነፋ ጀልባ ላይ ከሆናችሁማ ጭራሽ።

መኪና ውስጥ ስትገቡ ከወገባችሁ ፍቱት። የመቀመጫው ቀበቶ ላዩ ላይ ያርፋል፣ ግጭት ከመጣ ደግሞ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም። አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥም ቢሆን ሰገባው ውስጥ ሆኖ በደንብ ይጠቅለል፣ ሻንጣውን ከፍቶ የሚፈትሸው ሰው እጅ አለው። ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። ለምሳሌ በእንግሊዝ የማይታጠፍ ቢላ ያለ በቂ ምክንያት አደባባይ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው። ጫካ ውስጥ ምክንያት የሆነው ነገር ስትመለሱ አውቶቡስ ላይ ምክንያት ላይሆን ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር ሕግ ጠይቁ፣ መንገድ ላይም ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

ውድ አዘጋጅ፣ ጽሑፋችሁን ለመንቀፍ ብዬ አይደለም። ብዙ ሰው እናንተን አንብቦ ነው ዕቃውን የሚያሰናዳው፣ ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይቻላል። በሚቀጥለው እትም ያቺን የጨርቅ መስመር ብታርሙልን፣ ቦታ ካለም የሰገባ ስፌት በቅርብ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ብታወጡ ደስ ይለኛል። ፎቶ ካጣችሁ የእኔ አሮጌ ሰገባ አለ፣ ከነተቀደደው ስፌቱ አስቀምጬዋለሁ፣ እልክላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢ