ታሪኩ የቆመበት ገጽ፦ የንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ጥቅምት ላይ ሲከፈት ሠላሳ አንድ ልጆች ተመዝግበው ነበር። ኅዳር ሲጋመስ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበሰቡት ሰባት ብቻ ሆኑ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዘገባውን ከዚያው የምጀምረው ዓመቱን ሙሉ የሠራነው ሥራ ሁሉ ያንን ስሕተት ለማረም የተሠራ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያ መጽሐፍ አድርጌ የሰጠኋቸው በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ነበር። ታሪኩ የሚካሄደው እዚሁ እኛው ዘንድ፣ በደብረ ሲናና በአርማንያ ዙሪያ ነው። ልጆቹ ጠዋት ማታ የሚያዩትን ገደል፣ ከጣርማ በር ቁልቁል የሚወርደውን ጉም በመጽሐፍ ውስጥ ሲያገኙት ልባቸው ይሞቃል ብዬ አስቤ ነበር። የዘነጋሁት «አደፍርስ» የክርክር መጽሐፍ መሆኑን ነው። ሰዎቹ ስለ አሮጌውና ስለ አዲሱ፣ ስለ እምነትና ስለ ዕውቀት ረጅም ሙግት ይገጥማሉ። እኔ በሠላሳ ዓመቴ አንብቤው እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን ያገሩን ስም ሁለት ሦስት ጊዜ አይቶ ደስ ካለው በኋላ በሙግቱ መካከል ይጠፋል። አንድ ረቡዕ ከሰባቱ አንዱ መጽሐፉን በእጁ እንደያዘ፣ በፍጹም ትሕትና፣ «መምህር፣ አንድ ነገር የሚሆነው መቼ ነው?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ ለብዙ ቀን ከጆሮዬ አልወጣም። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ከአጎቱ ጋር በሚኒባስ በረዳትነት ይሠራል፤ ጣርማ በርን በጉም ውስጥ ስንት ጊዜ ወጥቶ ወርዷል። የሚፈልገው መንገድ ያለበት፣ አደጋ ያለበት፣ «ቀጥሎስ?» የሚያሰኝ ታሪክ ነው። እኛ አዋቂዎች ደግሞ ጀብዱ ያለበትን ልብ ወለድ የጊዜ ማሳለፊያ አድርገን እንቈጥረዋለን፤ ቁም ነገር የምንለውን መጽሐፍ አስቀድመን እንሰጥና ልጁ ሲሸሽ «የዛሬ ልጅ ማንበብ አይወድም» እንላለን። በዚህ ዓመት ያየሁት ሌላ ነው። ልጆቻችን በመጀመሪያ የያዙት መጽሐፍ አስቸግሯቸው የቀሩ እንጂ ንባብን የጠሉ አይደሉም።

ከታኅሣሥ ጀምሮ አሠራሩን ቀየርን። በየሳምንቱ ከአንድ መጽሐፍ እጅግ አስጊ የሆነውን ቦታ መርጬ አሥር ደቂቃ ያህል ጮክ ብዬ አነባለሁ። ነገሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ከድኜ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ማብራሪያ የለም፣ ጥያቄና መልስ የለም፤ የቀረውን ማወቅ የፈለገ ስሙን አስመዝግቦ ይወስዳል።

የጀመርነው በ«ጦቢያ» ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው ይህ መጽሐፍ የአማርኛ ልብ ወለድ በኩር መሆኑን ተማሪው ሁሉ ለፈተና ያጠናል፤ ጀብዱ መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም። ጦርነት አለበት፣ ምርኮ አለበት፣ ማንነቱ የተሰወረ ደግ ነጋዴ አለበት። አባቱን ነፃ ያወጣውን ሰው ውለታ ሊመልስ ብቻውን የወጣው ዋሕድ ራሱ ተይዞ ለባርነት ሲሸጥ ቆምሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «እኅቱስ?» አለ። እኅቱ ጦቢያ ወንድ መስላ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው እንደምትወጣ አልነገርኋቸውም። በዚያው ቀን ለአንዲቱ ቅጂ ዘጠኝ ልጆች ወረፋ ያዙ። ዐረፍተ ነገሩ ረጅም፣ አማርኛው የጥንት መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም መድረሻውን ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ዳገቱን ይታገሠዋል።

መጽሐፍ የሚመልስ ልጅ ለሚቀጥለው አንባቢ አንድ ካርድ እንዲጽፍም ደንብ አወጣን። «ጥሩ መጽሐፍ ነው» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ «አስተማሪ ነው» ማለትም እንዲሁ። ማን በምን አደጋ ውስጥ እንዳለ፣ መጽሐፉ የት ላይ እንደሚከብድና ለምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ይጻፍ አልን። «መጀመሪያው ሃያ ገጽ ይከብዳል፤ ሰዎቹ ብዙ ስለሆኑ ስማቸውን በወረቀት ያዝ። ከዚያ በኋላ እራትህን ትረሳለህ» የሚል ካርድ ከእኔ የአንድ ሰዓት ትምህርት የበለጠ ሥራ ሠርቷል። መምህር ሲመክር ልጅ የቤት ሥራ ይመስለዋል፤ አብሮት የሚቀመጠው ጓደኛው መክሮት ገጹን ሲያመለክተው ግን ያምነዋል።

የፍቅረ ማርቆስ ደስታን «ከቡስካ በስተጀርባ» ያስተዋወቀን የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ሐመር ዘንድ ደርሶ የተመለሰ ያህል ነበር የሚያወራው። የብርዱን አገር ልጅ ያ ሙቀት፣ ያ ከብት፣ ያ የማያውቀው ሥርዐት ልቡን ወስዶታል። የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ግን ማስተዋወቅ እንኳ አላስፈለገም፤ ከጣና ገዳማት እስከ አሜሪካ የጠፈር ምርምር የሚወረወረው ታሪክ ገጹ እስኪላላ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ብቻ አስቀረሁት። በቀይ ኮከብ ዘመቻ ዘመን አስመራ ላይ ያለውን ስለላና ፍቅር ለመሸከም ትንሽ ዕድሜ ይጠይቃል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከገበያ እንደተሰበሰበና ደራሲው በየካቲት 1976 እንደወጣ እንደቀረ ስነግራቸው አንዷ መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ በሁለት እጇ አነሣችው።

አሁን በዓመቱ ውስጥ እጅግ ወዳስደሰተኝ ነገር ልምጣ። እናቷ በአውቶቡስ መቆሚያው ቆሎ የምትሸጥ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አለችን። እርሷም ከትምህርት በኋላ ታግዛታለች፤ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ዘንቢሏ አጠገብ ተቀምጣ ታነባለች። «ጦቢያ»ን በጨረሰች በሁለተኛው ሳምንት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወሰደች። ወፍራም ስለሆነ አትጨርሰውም ብዬ ሠግቼ ነበር። ስትመልሰው በካርዷ ላይ እንዲህ የሚል ጽፋ አገኘሁ፦ «ሰብለ ወንጌልም መነኩሴ መስላ ለብሳ ነው የወጣችው። ጦቢያም ወንድ መስላ ነው። ሴት ልጅ በራሷ ልብስ መንገድ የምትሄድበት መጽሐፍ የቱ ነው?»

በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ሃምሳ ስምንት ዓመት አለ፤ የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሁለቱንም ለዓመታት አስተምሬያቸዋለሁ፤ ይህንን ግን አላየሁትም ነበር። በቀጣዩ ረቡዕ ጥያቄዋን በሰሌዳ ላይ ጻፍነው። ወንዶቹ በመጀመሪያ፣ «በዚያ ዘመን አደጋ ስለነበር ነው» አሉ። እርሷም መልሳ፣ «አደጋውን ወንዶቹም ያውቁታል፤ በዛብህን መንገድ ላይ የደበደቡት ሽፍቶች አይደሉም?» አለች። ክርክሩ እስኪመሽ ቀጠለ፤ ዘበኛው መጥተው በሩን ሊቈልፉ ቆመው አዳመጡን። ከዚያ በኋላ መደርደሪያውን ሁሉ ፈተሽን። በራሷ ልብስና በራሷ ስም ሩቅ የምትሄድ፣ ተርፋም የምትመለስ ልጅ ያለችበትን የአማርኛ የጀብዱ ልብ ወለድ እኛ ባሉን መጻሕፍት ውስጥ አላገኘንም። ልጅቷም «እንግዲያው እጽፋለሁ» አለች።

እዚህ ላይ ካርታው ይመጣል። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ለተማሪ የቀለሉ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ «ትሬዠር አይላንድ» ነው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1881 እ.ኤ.አ. ክረምት በሚመስል ዝናባማ በጋ ቤት ውስጥ ተዘግቶ ሳለ ከአሥራ ሦስት ዓመት የእንጀራ ልጁ ጋር የአንዲት ደሴት ካርታ እንደሣለና ታሪኩ ከካርታው እንደተወለደ ነገርኋቸው። ዝናብና ጉም የሚጎድለን ሰዎች አይደለንምና እኛም ሣልን። የደብረ ሲናን ከተማ፣ የጣርማ በርን ዋሻ መንገድ፣ የወፍ ዋሻን ደን፣ ከዚያ ማዶ አንኮበርን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አሰፈርን። ጽዱ የበዛበት፣ ጭላዳ የሚሰማራበት፣ ሰው የሚጠፋበት፣ ውኃ የሚገኝበት ቦታ እያንዳንዱ ምልክት ወጣለት። ይህንን ሁሉ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ናቸው። እስከዚያ ቀን በክበባችን ብዙም የማይናገሩት እነርሱ በካርታው ላይ መምህራን ሆኑ።

ካርታው ወደ ታሪክም ወሰደን። ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነው የተወለዱት። በልጅነታቸው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምባ አምልጠው በወሎ በኩል ወደ ሸዋ ገቡ። የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ ታግቶ ሳለ መንገዱን ለቀቁላቸው፤ ልጃቸውም በዚያ ምክንያት ተገደለ። ይህንን ተማሪዎቻችን በታሪክ ትምህርት ያውቁታል። ከአምባው በጨለማ የሚወርደውን ወጣት፣ ደጃቸው ላይ ስደተኛ ቆሞ ልጃቸውን የሚያስቡትን እናት ግን አስበዋቸው አያውቁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱ ልጅ ያቺን ሌሊት ጻፈ። አብዛኞቹ የምኒልክን፣ አምስቱ የወርቂትን። የወርቂትን የጻፉት የተሻለ ጽፈዋል ብዬ ያለ ማመንታት እመሰክራለሁ።

የካቲት ላይ አንድ አባት ከገጠር መጡ። የልጃቸውን ስንቅ ሊያደርሱ መጥተው በከረጢቱ ውስጥ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አገኙ። «መምህር፣ እኔ ልጄን የላክሁት ለፈተና ነው። ይህ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። ሥጋታቸው የእውነት ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ልጁ ቅዳሜ አገር ቤት ሲመጣ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ለመንኋቸው። የመጽሐፉን ስም ደግመው ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ፤ «ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያነበው ነው?» አሉ። ልጅ ሳሉ ከጎረቤት ደጅ ቆመው ሰምተውታል፤ እስከ መጨረሻው ግን አልሰሙትም ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ መልእክት አመጣልኝ፦ «አባቴ ስለ አበጀ በለው ያለውን ቦታ ደግመህ አንብብ እያሉኝ ነው፤ መጽሐፉን አንድ ሳምንት ጨምሩልኝ።» ጨመርንለት።

ወረቀት ጠፋ፣ ደብተር አለቀ ለሚሉ ጸሐፊዎቻችንም የነቢይ መኮንንን ታሪክ ነገርኋቸው፤ እስር ቤት ሆኖ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለውን ትልቅ መጽሐፍ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞታል። በማግሥቱ አንዱ ልጅ የብስኩት ካርቶን ላይ ጽፎ መጣ።

ሰኔ ላይ አባላቱ ሃያ ስድስት ናቸው። ያ የሚኒባስ ረዳት ልጅ ግንቦት መጨረሻ ላይ ራሱ ወደ መደርደሪያው ሄዶ «አደፍርስ»ን አወጣ። «አሁን ክርክሩን ልየው» አለኝ። ግማሽ ላይ ደርሷል።

ቆሎ ሻጯ ተማሪያችን አራት ምዕራፍ ጽፋለች። የታሪኳ ልጅ በገዛ ቀሚሷ፣ በነጠላዋ ቆሎ ቋጥራ፣ ወፍ ዋሻን አቋርጣ ወደ አንኮበር ትሄዳለች። በመጨረሻው ስብሰባ አራተኛውን አነበበችልን፤ ከዋሻው ውጭ የበቅሎ ኮቴ ሲሰማ ደብተሯን ከደነች። ብዙ ተለመነች፤ አልቀጠለችም።

ለክረምቱ ሠላሳ ሁለት መጻሕፍት አውጥተናል። ወደ ሞላሌ፣ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አንኮበር ተበትነዋል፤ እያንዳንዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ካርዱን ይዞ። በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ይመለሳሉ። ይህንን መጽሔት የምታነቡ የቀድሞ ተማሪዎችና ወላጆች፣ በቤታችሁ ተጨማሪ የ«ጦቢያ» ቅጂ ካለ አንዱን እንድትለግሱን እንለምናለን፤ ያለችን አንዲት ስትሆን ወረፋዋ እስከ ጥቅምት ሞልቷል። የ«ትሬዠር አይላንድ»ም የመጨረሻ አሥራ ሁለት ገጾች ጎድለዋል። ማምጫው ቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው።